ተራው የአሳዎቹ ነው

ሽማግሌ ሲመርቅ ቃል በቃል አዳምጣችሁ ታውቃላችሁ? እውነቱን ተናገሩ። አታውቁም። እጃችንን ዘርግተን አንገታችንን ሰበር እናደርጋለን፤ ሽማግሌው ትንፋሽ ሲወስዱ "አሜን" እንላለን፤ በቃ። መሃል ላይ "ቤትህ ይቃጠል" ቢሉ እንኳን አሜን ብለን ከጨረስን በኋላ ነው የሚገባን። እኔ ሠላሳ ዓመት ወታደር ቤት ሳገለግል ሳላነብ የፈረምኩበት ወረቀት የለም። የጫማ መረከቢያ ቅጽ እንኳን ከላይ እስከ ታች፣ ጀርባዋን ገልብጬ ጭምር አንብቤ ነበር የምፈርመው። የግምጃ ቤቱ ሰዎች እኔን ከሩቅ ሲያዩ ምሳ ሰዓት ነው ብለው ይዘጉ ነበር። እንዲህ ያለሁት ሰውዬ፣ በጡረታ ዘመኔ፣ በአንዲት አሜን የገዛ ግቢዬን ለፍየል አስረከብኩ።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። የተወለድኩት ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነው። ልጅ ሆኜ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ዶሮ ሳይሆን የውሃው ድምፅ ነበር። ከዚያ ውትድርናው ይዞኝ ዞረና ነገሌ ቦረና ላይ አራገፈኝ። ነገሌን አላማም። ሚስቴን አስካለን ያገኘሁባት፣ ቤት የሠራሁባት፣ ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩባት ከተማ ናት። በውሃ ነገር ግን ጨካኝ ናት። ቧንቧችን በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ እሱም ደስ ካለው። ሲመጣ መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ አየር ይተነፍሳል፣ ከዚያ ቀይ ነገር ይተፋል። የሚጠጣ ነገር እስኪወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ እንደ በሽተኛ ጠያቂ ዙሪያውን ይቆማል።

ጡረታ ስወጣ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ተሸለምኩ። ቀጠሮ ለሌለው ሰው ሰዓት መሸለም ምን የሚሉት ቀልድ ነው? ጋቢዬን ለብሼ ሰዓቱን ሳይ አንድ ወር አለፈ። በመጨረሻ ልቤ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ። ከጓሮ፣ ከግራሩ ሥር፣ አሳ ያለበት ኩሬ። ወንበሬን አወጣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አሳ ሲገለባበጥ አያለሁ። ይኸው ነው። ሚኒስትር አድርጉኝ አላልኩም።

"ኩሬ?" አለች አስካለ። "እኛ? የወጥ ውሃ በጣሳ የምንለካ ሰዎች?"

"የጣሪያውን የዝናብ ውሃ እኮ ነው የማጠራቅመው።"

"ቦታው ለጎመን ነው የታሰበው።"

"ጎመን አይዋኝም።"

"አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ሻምበል" ብላኝ ወደ ወጧ ተመለሰች። ሚስቴ የምትተርተው ተስፋ ስትቆርጥ ነው።

ጉድጓዱን ራሴ ቆፈርኩት። ችግሩ እኔ በሕይወቴ ቆፍሬ የማውቀው ጉድጓድ አንድ ዓይነት ብቻ መሆኑ ነው። ሳላስበው ልኩን የጠበቀ ምሽግ ሆኖ ወጣ። እስከ ደረቴ ይደርሳል፣ የክንድ መደገፊያ ሁሉ አለው። በአጥሩ በኩል የሚያልፈው ሰው ቆም ይልና፣ "ሻምበል፣ አገሩ ደህና ነው?" ይላል። "ደህና ነው፤ የአሳ ነው" እላለሁ። ማን ይመነኝ? አንድ የባጃጅ ሹፌር ቀና ብሎ አይቶኝ ሄዶ አወራ መሰለኝ፣ በማግስቱ ከጎረቤቶቼ ሁለቱ ዱቄት በኩንታል ሲያስገቡ አየሁ።

ግንበኛ አስመጥቼ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ከጣሪያው አሸንዳ ቱቦ ዘረጋሁለት። እኛ አካባቢ ሀጋያ የሚባለው የመስከረምና የጥቅምት ዝናብ ሲመጣ እስከ አፉ ሞላ። ዳር ዳሩን ሣር ተከልኩ። ወንበሬን አወጣሁ። የቀረው አሳው ነበር።

ሐዋሳ ድረስ ሄጄ ከአጥማጆች ቆሮሶ የሚባለውን አሳ አምስት በሕይወታቸው ገዛሁ። አፉን በቢላ ባሰፋሁት ጀሪካን ውስጥ አድርጌ፣ ፀሐይ እንዳይነካቸው በአስካለ ነጠላ ሸፍኜ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሚኒባስ ጉዞ ጀመርኩ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ጀሪካኑን እንደ ሕፃን እያቀፍኩ "አይዟችሁ፣ አይዟችሁ" እላለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላውን አዩ፣ አያያዜን አዩ፣ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አዩና፣ "የየትኛው ደብር ጠበል ነው፣ ልጄ?" አሉኝ። አፌን ሳልከፍት መኪናው ዘለለ፤ ውሃው ፊታቸው ላይ ተረጨ። አማተቡ። ይህን ያዩ የኋላ ወንበር ሰዎችም መዳፋቸውን ዘረጉ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ ዝም አልኩ። ነገሌ ስንደርስ ጀሪካኑ ተጋምሷል፣ ሚኒባሱ በሙሉ አሳ አሳ ይሸታል፣ እናትየው ግን ጉልበታቸው እንደተሻላቸው ምለው ወረዱ።

ስለመሸብኝ አሳዎቹን አስካለ ልብስ የምታጥብበት ትልቁ ሳፋ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት ሳፋዋን አሸተተችና፣ "ሁለተኛ ይህን ሳፋ ብትነካ ከነአሳህ ነው የማስወጣህ" አለችኝ። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

እዚህ ላይ ቢበቃኝ ኖሮ ዛሬ ሰላማዊ ሰው ነበርኩ። ግን ክብር የሚባል በሽታ አለብኝ። ኩሬዬ ሳትመረቅ መቅረት የለባትም አልኩ። ጎረቤት ጠራሁ፣ ቆሎና ለስላሳ አቀረብኩ፣ እንዲመርቁልኝ ደግሞ ኦቦ ጂሎን ለመንኩ። ኦቦ ጂሎ በምሥራቅ በኩል አጥር የምንጋራቸው አዛውንት ናቸው። ከተማ መሃል አሥራ ስምንት ፍየል ያረባሉ፤ በትራቸው ከእጃቸው ተለይታ አታውቅም። ሰፈራችን ለጠብም ለዕርቅም የሚጠራው እሳቸውን ነው።

በኦሮምኛ መረቁ። ቋንቋው ሳይገባው ቀርቶ ነው እንዳትሉኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬ ኦሮምኛ ካልገባኝ ምን ይገባኛል? ቃሉ ሁሉ ገብቶኛል። "ውሃው ይብዛ" አሉ፤ አሜን። "ያወጣው ሰው ይክበር" አሉ፤ እዚህ ላይ አሜኔን ከሁሉም አስበልጬ ጮህኩ። "ሰው ይጠጣው፣ ከብት ይጠጣው" አሉ፤ አሜን። "የመጣ አይመለስ" አሉ፤ አሜን። ዐይኔ አሳዎቹ ላይ፣ ልቤ ጎርጎራ ነበር። ጭብጨባው ቀለጠ።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት አሥራ ስምንት ፍየል በሰልፍ ቆሟል።

"አካም ቡልቴ፣ ሻምበል?" አሉኝ ኦቦ ጂሎ።

"ናጋ፣ ኦቦ ጂሎ። ፍየሎቹን ወዴት ይዘው ነው?"

"ወደ ውሃ ነዋ።"

"ወደ የትኛው ውሃ?"

በኀዘን ተመለከቱኝ። "ትናንት የመረቅነው።"

"ኦቦ ጂሎ፣ ያ እኮ የጌጥ ነው።"

"ጌጥ ማለት?"

"ማለትማ... የሚታይ።"

"ውሃ? የሚታይ?" በትራቸውን ተደግፈው አሰቡ። "አይቼው ምን ልሆን?"

"ደስ እንዲልዎት።"

"እኔን ደስ የሚለኝ ፍየሌ ስትጠጣ ነው። ስማኝ ሻምበል። ውሃ ያወጣ ሰው በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ነው። የእሱ ከብት ቀድሞ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ግን የመጣውን አይመልስም። ትናንት 'የመጣ አይመለስ' ስል አሜን ያለው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ጮክ ብለህ።"

"ጮክ ብዬ።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ። በሩን ለቀቅኩ። ፍየሎቹ ሣሬን እየቀነጠቡ ሄደው የፊት እግራቸውን ኩሬዬ ውስጥ ነከሩ። ይህን ሲያዩ ኦቦ ጂሎ ተቆጡ። ፍየሎቹን እንዳይመስላችሁ፤ እኔን! "ከብት እግሩን ውሃ ውስጥ ይከታል እንዴ? ገንዳው የታለ? ውሃ ያወጣ ሰው ገንዳ ሳይሠራ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?" ብለው በገዛ ጓሮዬ፣ በፍየል ፊት ገሠጹኝ። በሦስተኛው ቀን ከኩሬው ጎን በጭቃ የተመረገ ረጅም የከብት መጠጫ ገንዳ ተሠራ። የት ላይ? ሣሬና ወንበሬ በነበሩበት ላይ ነዋ!

እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሲሉ እሰማ ነበር። ለካ እንዲህ ነው። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን አደ ዳኪ ሦስት ጥጆቿን ይዛ መጣች። ከአደ ዳኪ ኋላ የማላውቀው ሰው የማላውቀውን በግ ይዞ መጣ። አንድ ቀን ወደ ከብት ገበያ የሚሄድ ግመል በበሩ መግባት እንኳን ሳያስፈልገው አንገቱን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ገንዳውን ባንድ ትንፋሽ አደረቀው። ባለቤቱን ስጮህበት፣ "የመጣ አይመለስም ተብሏል አሉ" አለኝ። እሱ እንኳን ምርቃቱን ሰምቷል!

"ይህ ውሃ አባ ሄሬጋ ያስፈልገዋል" አሉ ኦቦ ጂሎ። አባ ሄሬጋ የውሃ ተራ አስከባሪ ማለት ነው፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። ቃሉን ከሰማ ባለቤቱም ቢሆን ይታዘዛል። እኔ ደግሞ የሰልፍና የተራ ነገር ሲነሣ ደሜ ይሞቃል። ባለ መስመር ወረቀት አውጥቼ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ሥሩ ላይ የፊርማ ቦታ ተውኩ። ጎረቤቶቹ አይተው ሳቁብኝ። ኦቦ ጂሎ ተመረጡና ተራውን በቃላቸው ደለደሉ። ሰኞ እከሌ፣ ማክሰኞ እከሌ። እስከ እሑድ ቆጥረው ጨረሱ።

"የኔስ?" አልኩ።

"የምን የአንተ?"

"የኔ ተራ! ኩሬው የኔ ነው!"

"ከብት አለህ እንዴ?"

የለኝም። ፍየል የለኝም፣ ጥጃ የለኝም፣ ዶሮም እንኳን የለኝም። በቆፈርኩት ጉድጓድ፣ በሲሚንቶዬ፣ በአሸንዳዬ፣ ተራ የሌለኝ ብቸኛ ሰው እኔ ሆንኩ። አንጀቴ አረረ። ይባስ ብሎ አንድ ጠዋት ሰው ጎድሎባቸው ባልዲ ተቀባይ አደረጉኝ። ውሃ ሲቀዳ ይዘፈናል፤ ያለ ዘፈን ባልዲው ይከብዳል ይላሉ። በፒጃማ ሦስተኛ ሆኜ ተሰልፌ፣ እየተቀበልኩ እያቀበልኩ፣ እየዘፈንኩ፣ ውሃዬን ለሰው በግ ሳጠጣ አስካለ በመስኮት አየችኝ። "በሰልፍ ትርዒት እንኳን እንዲህ አምሮብህ አያውቅም" አለች።

ከዚያ ቦና ገባ፤ የበጋው ድርቅ። ሰማዩ ነጭ ሆነ። ኩሬው ከደረቴ ወደ ወገቤ፣ ከወገቤ ወደ ጉልበቴ ወረደ። የአሳዎቹ ጀርባ ከላይ መታየት ጀመረ። አባ ኮዳ የሚባለው ያ ራሰ በራ ወፍ ጣሪያዬ ላይ ቆሞ ምሳውን እንደሚጠብቅ ሰው ቁልቁል ያያቸዋል። እኔ ደግሞ ቁልቁል አያቸውና ሆዴ ይባባል። ቀልዴን አይደለም፤ በእነዚያ አምስት አሳዎች ፈንታ እኔ ልድረቅ ያልኩበት ቀን አለ። ሰፈሩን በሙሉ ግራሩ ሥር ሰበሰብኩና አቤት አልኩ።

"አሳዎቹ ከብቶቼ ናቸው። ተራ ይሰጣቸው።"

ጉርምርምታ ተነሣ። በእኛ አካባቢ አሳ የሚበላ ሰው ብዙ የለም፤ አንዳንዱ ከእባብ ለይቶ አያየውም።

"ውሃ ይጠጣሉ?" ጠየቁ ኦቦ ጂሎ።

"ቀንም ሌሊትም።"

"እኔም ብያለሁ!" ብላ ተነሣች አደ ዳኪ። "ውሃችንን የጨረሱት እነሱ ናቸው! ያለ ተራ!"

"ይታለባሉ?"

"አይታለቡም።"

"ትበላቸዋለህ? ትሸጣቸዋለህ?"

"አልበላም። አልሸጥም።"

"ታዲያ ለምን ታረባቸዋለህ?"

ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ያለቅኔና ያለንዴት የወጣው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። "ልጅ ሆኜ አባቴ አሳ ያጠምድ ነበር" አልኩ። "እነሱን ሳይ ቤቴ ያለሁ ይመስለኛል።"

ማንም አልሳቀም። ኦቦ ጂሎ መሬቱን በበትራቸው ጫር ጫር አደረጉና፣ "ከብት ናቸው" ብለው ፈረዱ። "ሰው ሳይበላውም ሳይሸጠውም የማይለየው ነገር ከብት ነው።" ለአሳዎቼ ረቡዕና ዓርብ ተሰጣቸው። በእነዚህ ቀናት ባልዲ ወደ ኩሬው ላይወርድ ተማማልን። እኔ በደስታ ሰክሬ አሜን አልኩ። አሁንም ሳላዳምጥ!

ይኸው ከሦስት ሳምንት በፊት ቧንቧው ጨርሶ ቀረ። አንድ ሳምንት ጠበቅን፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ዓርብ ጠዋት ፊቴን በሳሙና አረፋ ሞልቼ፣ ግማሹን ተላጭቼ፣ ምላጬን ላለቀልቅ ጀሪካኑን ባዘነብለው ጠብ የሚል ነገር የለም። ባልዲ ይዤ ወደ ኩሬዬ ወጣሁ። ኦቦ ጂሎ ዳር ላይ ቆመዋል። በትራቸውን ደረቴ ላይ ጋረዱ።

"ዛሬ ዓርብ ነው።"

"ኦቦ ጂሎ፣ ጢሜን እያዩት!"

"ተራው የአሳዎቹ ነው።"

"አሳዎቹ የኔ ናቸው!"

"ለዚህ እኮ ነው የምጠብቅልህ።"

"ኩሬው የኔ! አሳው የኔ! ጢሙ የኔ!" እያልኩ ስጮህ ሳሙናው ፊቴ ላይ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ለመሆኑ በዓለም ላይ ከገዛ ኩሬው፣ ስለ ገዛ አሳው፣ ውሃ የተከለከለ ሰው አለ? ካለ ይምጣና እንወያይ።

ስጮህ ስጮህ ዐይኔ በትከሻቸው ላይ አልፎ አጥሩ ጋ ደረሰ። ፍየሎቻቸው ከሽቦው ውጪ ቆመዋል። አይጮሁም፤ ለመጮህ ጉልበት የላቸውም። አንዲት ግልገል ተኝታ ምላሷን አውጥታለች። ሐሙስ የኦቦ ጂሎ ተራ ነበር፤ የአደ ዳኪ ጥጆች ሊሞቱ ነው ብለው ለእሷ እንደለቀቁላት በኋላ ነው የሰማሁት። ዛሬ ደግሞ ዓርብ ሆነ። በገዛ ፍየሎቻቸውና በውሃው መካከል በትራቸውን ይዘው ቆመዋል። ለእኔ አምስት ቆሮሶ!

አፈርኩ። በግማሽ ጢሜ ቆሜ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

"ተራዬን ለቅቄያለሁ" አልኩ። "ፍየሎቹ ይጠጡ።"

"ተራው የአንተ አይደለም። የአሳዎቹ ነው።"

"እኔ ወኪላቸው ነኝ።"

"ይሞቱብሃል፣ ሻምበል።"

ቤት ገብቼ የአስካለን ሳፋ አወጣሁ። አዎ፣ ያንኑ። አጎበር አጥፌ ጭቃው ውስጥ ገባሁና አባቴ እንዳሳየኝ ከሥር ወደ ላይ እያፈስኩ አምስቱንም አወጣሁ፤ ሳፋው ውስጥ የሚዋኙበትን ያህል ውሃ ቀዳሁላቸው። የቀረው ወደ ገንዳው ሄደ። ግልገሏን ኦቦ ጂሎ ተሸክመው አመጧት። እኔም እስኪያልቅ ድረስ ባልዲ አቀበልኩ። ዘፈንኩም እንዴ? ዘፈንኩ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቧንቧው እንደቀረ ነው። ሳፋው በረንዳ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ አምስቱም በሕይወት አሉ፤ ወንበሬን አጠገባቸው አድርጌያለሁ። የጋና ዝናብ፣ ማለትም የመጋቢቱ፣ ሊመጣ ሰማዩ በደቡብ በኩል ጠቁሯል። አስካለ ግን ደመና የምታይበት ዐይን የላትም።

"ሻምበል፣ ሳፋዬን!"

"ተራው የአሳዎቹ ነው።"

"ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው!"

"የዚህ ሳፋ አባ ሄሬጋ እኔ ነኝ።"

ሮጣ ከሰሰችኝ። ለማን? ለኦቦ ጂሎ ነዋ! መጡ። ሳፋውን ዞረው አዩ፣ አሳዎቹን ቆጠሩ፣ ሰማዩን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ በትራቸውን አስደግፈው ሁለት እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ።

"ይቆዩ! አሜን ከማለቴ በፊት ቃሉን ያሰሙኝ!"

ፈገግ አሉ። "ዝናብ ይምጣ" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ሁለት ቃል ናት። ከላይ እስከ ታች፣ ጀርባዋን ገልብጬ ጭምር መረመርኳት። ፍየል የለባትም።

አሜን አልኩ። ጮክ ብዬ።